በሎሚ የታጠበው ነሐስ

ይህ ነገር ምን ያህል ፈጀብህ ለሚለኝ ሰው መልሴ አጭር ነው፦ ካርቱም፣ ሱቅ ዐረቢ ገበያ ውስጥ የነበረችኝን ሱቅ፣ የግራ ጆሮዬን፣ ሚስቴን። ሱቋ ተቃጠለች። ጆሮዬን ጎረቤት ግቢ የወደቀ ከባድ መሣሪያ ወሰደው። ሚስቴን ያጣኋት ግን በሞት አይደለም፤ በገዳሪፍ አውቶቡስ ነው። ገንዘቡን አልቆጥረውም። ነጋዴ «ገንዘቡን አልቆጥረውም» ሲል ወይ ይዋሻል ወይ አልቆበታል። እኔ አልቆብኝ ነው።

ነገሩ አሮጌ ዕቃ መሰብሰብ ነው። አሮጌ ስል ልባሽ ማለቴ አይደለም። የሮም ነገሥታት ቁስጥንጥንያ ተቀምጠው በሚገዙበት፣ እዚህ ዐባይ ዳር የነበሩት ኖባዎችም መስቀል በአንገታቸው በሚያስሩበት ዘመን፣ ተራ ሰው ይገለገልበት የነበረ ዕቃ ነው። የተማሩት ቢዛንታይን ይሉታል። የሸክላ ኩራዝ፣ የደረት መስቀል፣ የኅብስት ማኅተም፣ የሴት ቀለበት፣ የገበያ ሚዛን ድንጋይ። የንጉሥ ዕቃ አንድም ኖሮኝ አያውቅም። ንጉሥ ዕቃውን የሚጠብቅለት ሰው አለው፤ የኔ ሰዎች ዕቃቸውን አፈር ውስጥ ጥለው የሄዱ ናቸው።

ሱቄ ወደ ኦምዱርማን የሚሄዱት ሚኒባሶች ከሚቆሙበት ጀርባ ነበረች። የምሸጠው ለኛ ሰው ነው፦ ነጠላ፣ ማተብ፣ ጧፍ፣ በርበሬ፣ የቅዱሳን ሥዕል፣ ቻይና የተሠራ መቁጠሪያ። ደንበኞቼ ሰው ቤት የሚሠሩ ሴቶችና ዘበኞች ናቸው፤ ዓርብ ዓርብ ይመጣሉ፣ ከሚገዙት በላይ ያወራሉ። ትንንሽ የአንገት መስቀል የሚሠራልኝ አንጥረኛ ነበረኝ። ለእሱ የሚቀልጠውን ነሐስ የምገዛው ኦምዱርማን ገበያ ውስጥ ካለ አንድ ሽማግሌ የኹርዳ ነጋዴ ነው። ኹርዳ የሚሉት ቁርጥራጭ ብረት ነው፤ እኛ አገር ቁራሌው እየዞረ የሚሰበስበው ዓይነት። ለሽማግሌው ከሰሜን፣ ከዶንጎላ በኩል፣ በጭነት መኪና በጆንያ ይመጣለታል። ቧንቧ፣ የመኪና ራዲያተር፣ የተሰበረ ማንቆርቆሪያ፣ ሁሉም በአንድ ጆንያ።

አንድ ቀን ነሐሱን ሲመዝንልኝ ከቧንቧዎቹ መሃል አንድ አረንጓዴ ነገር አየሁ። አወጣሁት። መስቀል ነው። ሁለት ገጽ አለው፤ በማጠፊያ ይከፈታል፤ ውስጡ ባዶ ነው። ፊቱ ላይ እጆቿን ወደ ላይ የዘረጋች ሴት ተጭራለች። ዐይኖቿ ሁለት ነጥብ ናቸው።

«ሐጅ፣ ይህ እኮ መስቀል ነው» አልኩት።

«ዐይን አለኝ፣ ያ ሐበሺ» አለኝ፤ አንተ ሐበሻ ማለቱ ነው።

«ታዲያ ከቧንቧ ጋር ልትመዝነው ነው?»

«ሚዛኔ ሃይማኖት አይጠይቅም። ትወስዳለህ ወይስ ትሰብከኛለህ?»

ወሰድኩት። ለአንጥረኛው ቧንቧውን ሰጠሁት፤ መስቀሉን ኪሴ ከተትኩት። መስቀል አቅልጦ መስቀል መሥራት ትርፍ የለውም ብዬ ነው፤ ለራሴ እንዲያ አልኩ። እውነቱ ግን በንግድ ዘመኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ዕቃ ገዝቼ ለማን እንደምሸጠው አለማሰቤ ነው። በሽታው እንዲህ ነው የሚጀምረው፤ ትኩሳት የለውም።

ከዚያ በኋላ ሐጁ ጆንያ ሲፈታ ይጠራኝ ጀመር። «ያ ዘውል፣ የክርስቲያን ኹርዳ መጥቶልሃል» ይላል በስልክ፤ ዘውል ሰውዬ ማለት ነው። መጀመሪያ ላይ ብዙ ተሞኝቻለሁ። ከግብፅ በኩል የሚመጣ ኩራዝ ነበር፤ ጥቁረቱ የሚያምር። ቤት ወስጄ ባሸተው ሻይ ሻይ ይላል። ሻይ ውስጥ ዘፍዝፈው ነው ያስረጁት። ቀስ እያልኩ ተማርኩ። አሮጌ ሸክላ ትንፋሽ ሲሰጡት ዝናብ እንደነካው መሬት ይሸታል፤ ምላስ ሲያስነኩት ይይዛል። አዲስ ነሐስ አረንጓዴው በጥፍር ይነሣል፤ የድሮው አይነሣም። ኦምዱርማን ገበያ መሃል ቆሜ ሸክላ ስልስ ያዩኝ ሰዎች ምን እንዳሉ አልጠየቅሁም።

ከሁሉ የምወደው አንድ የነሐስ ሚዛን ድንጋይ ነበር። አራት ማዕዘን ነው፤ በላዩ መስቀልና ሁለት የግሪክ ፊደል ተቀርጾበታል። እውነተኛ ይሁን አይሁን መወሰን አቅቶኝ ስገለብጠው፣ ከሥሩ በኩል ተቦርቡሮ በሰም መሰል ነገር ተደፍኗል። ባለቤቱ በላዩ መስቀል ያለበትን ድንጋይ ከታች ፈልፍሎ ሰው ሲሰርቅበት ኖሯል። ያኔ ጥርጣሬዬ ጠፋ። ለቱሪስት የሚሸጥ አስመሳይ መስቀሉን ይሠራል እንጂ ቡርቡሩን አያስበውም። ነጋዴ ነጋዴን ያውቃል።

ስለ ሚስቴ ልናገር። አል-ማንሺያ ሰፈር፣ ዐባይ ዳር አንድ ትልቅ ቤት ውስጥ ትሠራ ነበር። ጎንደር እናት አላት። የእናቷ ዐይን እየጠፋ ነበር፤ ሐኪም «ጊዜው አልፏል፣ አይመለስም» ብሏል። «ሳትታወር ትየኝ» ትል ነበር ሚስቴ። ልያት አይደለም የምትለው፤ ትየኝ ነው። ከአገሯ ቀጭን ልጅ ሆና ወጥታ እዚህ ሴትዮ ሆነች። ያችን ሴትዮ እናቷ እንድታውቅላት ትፈልጋለች።

«እንግዲያው ሂጂ» ብያታለሁ፤ ያኔ ጦርነት የለም፣ መንገዱ ክፍት ነው።

«ባዶ እጄን? አንተ ደግሞ!»

ይህ የሷ ጠባይ ብቻ አይደለም። ካርቱም ያለ የኛ ሰው ለምን አገርህ አትገባም ቢሉት ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዱን፣ ይላል፣ መንግሥት ይላል፣ መንገድ ይላል። እውነቱ ሻንጣው ነው። ሻንጣው ውስጥ ለአክስት፣ ለጎረቤት፣ ለነፍስ አባት የሚሆን ከሌለ፣ ይህን ሁሉ ዓመት የት ነበርክ ይላሉ። ሚስቴ ያጠራቀመችው ሁሉ በየዓመቱ ለእናቷ ሕክምና ይሄዳል። የኔው ደግሞ የት እንደሚሄድ ታውቃለች። አልጋው ሥር ነው።

ሚስቴ የምትሠራበት ቤት ባለቤት የጥንት ዕቃ የሚያጠኑ ሱዳናዊት ዶክቶራ ነበሩ። አንድ ቀን መደርደሪያቸውን እየወለወለች፣ «ባሌም እንዲህ ያለ ቆሻሻ አልጋ ሥር ያከማቻል» አለቻቸው። ለቀልድ ነው። ሴትዮዋ ግን አንዱን ይዘሽ ነይ አሉ። ይዤ የሄድኩት እኔው ነኝ። መዳፍ የምታህል የሸክላ ኮዳ፤ በሆዷ ላይ በሁለት ግመሎች መሃል እጁን ዘርግቶ የቆመ ቅዱስ አለባት፤ አፏ በደረቀ ጭቃ የተደፈነ።

ዶክቶራዋ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ለረጅም ጊዜ አዩዋት። ተሳላሚዎች ግብፅ በረሃ ውስጥ ካለው ከዚህ ቅዱስ መቃብር ዘይት ወይም ውኃ ወይም አፈር ሞልተው ወደየአገራቸው ይወስዱባት እንደነበር ነገሩኝ። ከዚያ ጆሯቸው አጠገብ ነቀነቋት። ሽው የሚል ድምፅ ተሰማ።

«አልተከፈተችም» አሉ። ድምፃቸው ተለወጠ። «ይህን የሚያህል ዘመን ተጉዛ አልተከፈተችም። ሌላስ ምን አለህ?»

ያለኝን ነገርኳቸው።

«ይህ ሁሉ በሕግ የመንግሥት መሆኑን ታውቃለህ?»

«እኔም ኢቃማዬም የመንግሥት ነን፣ ዶክቶራ። አንድ ላይ ይውሰዱን።»

ሳቁ። ከዚያ የነገሩኝ ነገር ነው ቤታችንን ያናወጠው። ሐሙስ ቤታችን መጥተው ሁሉንም እንዳለ ያያሉ። እውነተኛ መሆኑን ጽፈው ለአንድ ሙዚየም ኮሚቴ ያቀርባሉ። ሙዚየሙ ከተቀበለ ዕቃው በአንድ ክፍል ይቀመጣል፣ ሰብሳቢው በሕጉ መሠረት ካሳ ያገኛል፣ ወረቀትም ያገኛል። ከዚያ በኋላ ፖሊስ አልጋዬን አንሥቶ ቢያይ የሚያገኘው አቧራ ብቻ ነው። ሚስቴ ስትሰማ ቁጭ አለች። የሰማችው ግን ሻንጣውን ነው። «ለፋሲካ እናቴ ጋ ነኝ» አለች። ኢንሻአላህ አልኩ፤ እዚህ አገር ለእሺም ለእንጃም የምንለው እሱን ነው።

ረቡዕ የወሩ ማኅበር እኛ ቤት ተራው ነበር። እኔ ሐጁ የመጨረሻ ጆንያ አለ ስላለኝ ኦምዱርማን ሄድኩ። ድልድዩ ላይ መኪና ቆሞ አመሸሁና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ገባሁ። የግቢውን በር ስከፍት የሎሚ ሽታ ተቀበለኝ።

የማኅበሩ ሴቶች ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው ክብ ሠርተዋል። መሃላቸው የከሰል አመድ በሳህን፣ አሸዋ በጣሳ፣ የተጨመቀ ሎሚ ክምር። በተነጠፈ ላስቲክ ላይ መስቀሎቼ፣ ቀለበቶቼ፣ ሚዛኔ ተደርድረዋል። ያበራሉ። ለሠርግ እንደተዘጋጀ ዕቃ ያበራሉ። ኩራዞቹ በኦሞ ታጥበው ገመድ ሥር ተዘቅዝቀዋል፤ ከአፋቸው ላይ የነበረው ጥቀርሻ የለም።

«መጣህ?» አለች ሚስቴ። ግንባሯ ላይ አመድ አለ። ፊቷ እንደዚያ ሲበራ ያየሁት በሠርጋችን ቀን ነው። «እየው እስቲ! ከወርቅ ይለያል?»

«አይለይም» አልኩ።

«ስንት ዓመት ነው በዝገት የያዝከው? መስቀል እኮ ነው! ነገ ሴትዮዋ መጥታ ይህን ብታይ ምን ትለኛለች? የሷን ሰፌድ የሚያካክል የነሐስ ትሪ በየሳምንቱ የማጥብ እኔ፣ የራሴን ቤት?»

አንዷ ትልቅ ሴትዮ፣ የማኅበሩ እናት የምንላቸው፣ ክንዳቸውን አሳዩኝ። «ያቺን የእመቤታችንን እኔ ነኝ ያሸኋት። ክንዴ እስኪዝል! የዘመናት ኃጢአት ነው የወጣላት።»

እመቤታችንን አየኋት። ዐይኖቿ የነበሩት ሁለት ነጥቦች የሉም።

ጥግ ላይ የማኅበሩ ቄስ ወንበር ላይ ተቀምጠው ዳቦ ይበላሉ። ኮዳዋ ከጎናቸው አለች። አፏ ክፍት ነው።

«አባ፣ ይህቺ…»

«እምነት ነው፣ ልጄ!» አሉ ዳቦውን አስቀምጠው። «እግዚአብሔር የሰጠን በረከት ነው። የቅዱሱ አፈር! እንዴት አልጋ ሥር ታስቀምጠዋለህ? ጸሎት አደረስንበት፣ ለምእመናኑ አካፈልን። እኩሌታው በውኃ ተበጥብጦ ተጠጣ፤ እኩሌታውን ተቀቡት።»

«እኔ ለጉልበቴ» አለች አንዷ።

«እኔ ለልጄ በወረቀት ቋጥሬያለሁ» አለች ሌላዋ። «ፈተና አለበት።»

«ላንተም አስቀርተንልሃል» አለች ሚስቴ። በኩባያ ውኃ ሰጠችኝ። ከሥሩ ትንሽ ቡናማ ነገር ዘቅጧል። ምን ላድርግ? ጠጣሁት። አፈር አፈር ይላል።

ዶክቶራዋ ስለ ማጠብ ምንም አላሉም ነበር፤ አለመታጠቡ ለእሳቸው ከመታወቁ የተነሣ የሚነገር አልነበረም። ለሚስቴም መታጠቡ እንዲሁ። እኔ ሁለቱንም የማውቅ መሃል ላይ ነበርኩ፤ መሃል ላይ ያለው ደግሞ ድልድይ ላይ ቆሞ ነበር።

ሐሙስ ዶክቶራዋ መጡ። ሚስቴ ነጭ ጨርቅ አንጥፋ ዕቃዎቹን ደርድራለች። ሴትዮዋ ከበሩ ላይ ቆመው አዩ። ጫማቸውን አወለቁ፣ ተቀመጡ፣ መስቀሉን አነሡ፣ አስቀመጡ። ኩራዙን አነሡ፣ አሸተቱ፣ አስቀመጡ።

«ማነው ያጠበው?»

«እኔ ነኝ» አለች ሚስቴ። «በሎሚና በአመድ። በኬሚካል አይደለም፣ ዶክቶራ፤ ኬሚካል ነሐስ ይበላል።»

«የኮዳዋስ አፈር?»

ሚስቴ ወደኔ አየች። «ጠጣነው» አልኩ።

ዶክቶራዋ መነጽራቸውን አወለቁ። የሚያለቅሱ መሰለኝ፤ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ግን ሳቅ መሆኑን አየሁ። ከዚያ ሳቁ ሄደ።

«ማን ዳነ?» አሉ።

«አንዷን ሆዷን ቆርጧታል» አልኩ።

ሻይ በወተት ጠጡ። ቀስ ብለው፣ ለልጅ እንደሚነገር ነገሩን። ዝገቱ የነሐሱ ዕድሜ ምስክር ነበር። ጥቀርሻው ምን ዘይት እንደነደደበት ይናገር ነበር። አፈሩ ከየትኛው መሬት እንደመጣ ያውቅ ነበር። አሁን ለኮሚቴው ቢያቀርቡት ትናንት ካይሮ የተሠራ ነው ይላሉ፤ ሊከራከሩ አይችሉም። ሚስቴ ዐረብኛዋ ከኔ ይሻላል፤ አንዱም ቃል አላመለጣትም።

«ዶክቶራ፣ እርስዎ ቤት ትሪውን ሳበራ መቼም…»

«አዎ» አሉ ሴትዮዋ። «አንድ ቀን ተይው ብዬሽ አላውቅም።»

ሲወጡ በሩ ላይ ወደኔ ዞሩ። ሌላ ካገኘህ ከነቆሻሻው አምጣው አሉኝ።

ቄሱም ሰምተው መጡ። እኔን ለማጽናናት ነው። «ደግሞም አንዴ ተባርኳልና ለሽያጭ አይሆንም ነበር» አሉ። ስለዚህ በአንድ በኩል አዲስ ነው ተባለ፣ በሌላ በኩል ቅዱስ ነው ተባለ። በሁለቱም በኩል አይሸጥም። ይህን ያህል የተሟላ ኪሳራ ገጥሞኝ አያውቅም።

ያን ሌሊት ሚስቴ አላለቀሰችም፤ ጀርባዋንም አልሰጠችኝም። ጣሪያውን እያየች «እንግዲህ ባዶ እጄንም ቢሆን ልግባ መሰለኝ» አለች። «አንድ ዓመት ስጪኝ» አልኳት። «ከነቆሻሻው እሰበስባለሁ።» ዝም አለች። ዝምታዋን እሺ ነው ብዬ ያዝኩት። ገበያ ውስጥ ሻጭ ዝም ሲል ዋጋው ተስማምቶታል ማለት ነው። ቤት ውስጥ እንዲያ አለመሆኑን ለማወቅ ጊዜ ወሰደብኝ።

ሁለተኛው ስብስብ ከመጀመሪያው ይሻል ነበር። የብስኩት ቆርቆሮ ገዝቼ ቁልፍ አበጀሁለት። ሚስቴ ቁልፉን ስታይ ክፍሉን መጥረግ ተወች። የታጠቡትን መደርደሪያ ላይ ደረደርኳቸው፤ ለጌጥ ይሆናሉ። ዓመቱ ሁለት ሆነ። ዶክቶራዋ ቆርቆሮውን አንዴ አይተው «አሁን ገባህ» አሉኝ፤ ሐጁ የሚያመጣቸውን ሁለት ሦስት ነገሮች እንጠብቅ፣ ከፋሲካ በኋላ እጽፋለሁ አሉ። ከጎንደር ደግሞ እናትየዋ በቀኝ ዐይናቸው ጥላ ብቻ ነው የሚያዩት የሚል ወሬ መጣ። «በግራው ያያሉ» አልኳት። ይህን ስላት እንዴት እንዳየችኝ መጻፍ አልችልም።

ጦርነቱ የጀመረው በቀዳም ሥዑር ጠዋት ነው። ዶሮዋ እግሯን ታስራ ግቢ ውስጥ ነበረች። አውሮፕላን ሰማን፣ ከዚያ ከባድ መሣሪያ፣ ከዚያ የጎረቤት ሴት ጩኸት። ፋሲካን አልጋ ሥር ፈሰክን፤ እኔ፣ ሚስቴና ቆርቆሮው። ውኃ ጠፋ፣ መብራት ጠፋ፣ ዳቦ ጠፋ። የማኅበሩ ሴቶች ተሰብስበው ወደ ገዳሪፍ የሚሄድ አውቶቡስ አገኙ፤ ከዚያ መተማ፣ ከዚያ ጎንደር።

«ቅበረውና ና» አለች ሚስቴ ቆርቆሮውን በእግሯ እየነካች።

«ያዩኛል። ግቢው በሙሉ ይታያል።»

«እንግዲያው ይዘኸው ና።»

«በየኬላው ይፈትሻሉ። መስቀልና የጥንት ዕቃ የያዘ ሐበሻ? ወይ ይገሉኛል ወይ ያስሩኛል።»

«እንግዲያው ጥለኸው ና!»

 ሁለት ሳምንት ነው፣ ያልቃል፣ ዶክቶራዋ ይጽፋሉ፣ እከተልሻለሁ አልኳት። እሷ አንድ ፌስታል ነው የያዘችው። ሻንጣ አልያዘችም። ከበሩ ላይ «ባዶ እጄን እየገባሁ ነው፤ ይኸው፣ አየህ፣ ይቻላል» አለችኝ። አውቶቡሱ ድረስ ልሸኛት አልቻልኩም፤ ቤቱን ጥዬ ከሄድኩ ይዘርፉታል። ስለዚህ የሄደችበትን አውቶቡስ አላየሁትም። ቢጫ ነው ብላኛለች በኋላ በስልክ።

ከሄደች በኋላ ባሉት ሳምንታት ነው ከባድ መሣሪያው ጎረቤት ግቢ ላይ የወደቀው፤ ጆሮዬ እዚያው ቀረ። ሱቅ ዐረቢም ነደደ፤ ጭሱን ከግቢ ሆኜ አየሁት፤ የትኛው ጭስ የኔ እንደሆነ ግን መለየት አይቻልም። ቆርቆሮውን ከከሰል ጆንያ ሥር ደበቅኩት።

አንድ ጠዋት ታጣቂዎች በሩን ረግጠው ገቡ። አራት ልጆች ናቸው፤ አንዱ የሴት ሽቶ ይሸታል።

«ያ ሐበሺ፣ ወርቅ የት አለ?»

«ወርቅ ቢኖረኝ እዚህ ታገኘኝ ነበር?»

አንዱ መደርደሪያውን አየ። «ይኸውና!» ብሎ ጮኸ። የታጠቡትን ሁሉ በፎጣ ጠቀለሏቸው። ነሐስ ነው አልኩ። ነሐስ እንዲህ አያበራም አለኝ። ሚስቴና የማኅበሩ ሴቶች ምን ያህል ደህና አድርገው እንዳሹት ያኔ ገባኝ። ሚዛኔም አብሮ ሄደ። ያ ሌባ ነጋዴ ከኔ ቤት በሌቦች ተወሰደ፤ ቅር አይለውም።

ከሰሉን ሲያገላብጡ ቆርቆሮውን አገኙ። ቁልፉን በሰደፍ ሰበሩት። አረንጓዴውን ዝገት፣ ጥቀርሻ ያለበትን ሸክላ አዩ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ኹርዳ» አልኩ።

«ኹርዳ ትቆልፋለህ?»

«አዎ።»

እርስ በርስ ተያዩ። «መጅኑን ነው» አለ ሽቶ የተቀባው፤ እብድ ነው ማለቱ ነው። ቆርቆሮውን በእግሩ ገፋው። ሁለት ኩራዝ ተሰበረ። ወጡ።

ከተማው ጸጥ ማለት ሲጀምር ድልድዩን ተሻግሬ ኦምዱርማን ሄድኩ። ሐጁን አገኘሁት፤ ከስቷል፣ ሥራው ግን እንደዚያ ሆኖ አያውቅም። ግቢው ከየቤቱ ግድግዳ በተነቀለ የመብራት ሽቦ ተሞልቷል። የተዘረፉት መስቀሎቼ መጥተው እንደሆነ ጠየቅኩት።

«አኹይ፣ ወንድሜ፣ የመጣው ሁሉ ቀልጧል» አለኝ። «እኔ ራሴ የቤቴን ሽቦ ከሰው ላይ ገዝቻለሁ።»

የዶክቶራዋ ስልክ አይሠራም። አል-ማንሺያ ያለው ቤታቸው በሩ የለውም፤ ካይሮ ናቸው ያለኝ ሰው አለ፣ ሞተዋል ያለኝም አለ። ኮሚቴው የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። ሙዚየሞቹ ራሳቸው ተዘርፈዋል እየተባለ፣ እኔ ቆርቆሮ ተሸክሜ ተቀበሉኝ የምለው ማንን ነው?

ኢንተርኔት በሰዓት የሚያከራዩበት ቦታ ሄጄ ሚስቴን አገኘኋት። ድምፅዋ ወፍሯል።

«እማዬ ዐርፋለች» አለችኝ። «አርባዋ ወጣ።»

«እግዚአብሔር ያጽናሽ። አይታሽ ነበር?»

«ስደርስ ምንም አታይም። እጄን ያዘች፤ ፊቴን ዳሰሰች። እኔ ነኝ እላታለሁ፣ እህቴን ትጠራለች፤ ‹ይህቺ የማናት ሴትዮ?› ትላለች። እስከ መጨረሻው ‹ሴትዮዋ› እንዳለችኝ ሞተች።»

 የምከፍለው በሰዓት ነው፤ ኪሴን ፈትሼ ሌላ ሰዓት ጨመርኩ።

«ልምጣ?» አልኳት።

«ወዴት?»

«ወደ አንቺ ነዋ።»

«እህቴ ቤት አንድ ክፍል ውስጥ ነው ያለሁት። ከልጆቿ ጋር እተኛለሁ። አንተን የት አደርግሃለሁ?» ከዚያ፣ «ያ ቆርቆሮ አለ?» አለች።

«አለ።»

«እንግዲያው እዚያው ሁን፤ ጠብቀው» አለች።

በቁጣ አልነበረም። በቁጣ ቢሆን ተስፋ ነበረው። ሱቅ ውስጥ ለሰው ዕቃ ስታስረክብ እንደምትናገረው ነው የተናገረችው። ከዚያ ወዲህ በበዓል እደውላለሁ፤ እህቷ ታነሣለች፣ ደህና ናት ትላለች።

ሒሳቡን ዘግቻለሁ። ያለኝ ይህ ነው፦ ሦስት መስቀል፣ አንድ የኅብስት ማኅተም፣ አራት ኩራዝ፣ የተሰበረ ማበጠሪያ። ገዢ የለም፤ ተቀባይ የለም። ሚስቴ ጎንደር ናት። እኔ ካርቱም ነኝ።